እንቁላሉን ከማን ትገዛላችሁ?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደውሎልኝ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ላሊበላ አካባቢ ትንሽ ሎጅ ሊከፍት ነው። ፕሮፖዛሉን ጨርሶ አንድ ገጽ ብቻ ቀርቶታል። «ጋሼ፣ የአካባቢው ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?» አለኝ። የሆነ ነገር መለስኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሐሳቤ ሄዶ ሄዶ እንቁላል ላይ አረፈ። በዚህ ሥራ ያላችሁ ወይም ልትገቡ ያሰባችሁ ልጆች ካላችሁ፣ የእንቁላሉን ነገር ላውራችሁ።

ድሮ ላሊበላ አንድ ሆቴል ግዢ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ስሙን ተዉት። ያኔ እንቁላል የሚመጣልን ከሩቅ ከተማ በመኪና ተጭኖ ነበር። ከጋሸና መገንጠያ ላሊበላ ያለው መንገድ ፒስታ ነበር። ከየትሪው የተወሰነው ተሰብሮ ይደርሳል፤ የተረፈውን እንቆጥራለን፣ ከሾፌሩ ጋር እንጨቃጨቃለን።

የሚያስቀው ወቅቱ ነው። ፈረንጅ በብዛት የሚመጣው ክረምቱ ወጥቶ እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። አገሩ ይጾማል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። ቅዳሜ ገበያ ላይ እንቁላል በየቅርጫቱ ሞልቶ ገዢ ያጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። እኛ እዚያው አፍንጫው ሥር ሆነን ከሩቅ እናስጭናለን።

አንድ ቀን አንዲት እናት ሆቴሉ በር ላይ መጡ። ቅርጫታቸው ውስጥ ጭድ፣ ጭዱ ውስጥ እንቁላል። ዘበኛው የሰፈራቸው ልጅ ስለሆነ አስገባቸው። ዋናው ምግብ አብሳይ ባልዲ ውኃ አስመጣና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እየነከረ ፈተሸ። አንድም አልተንሳፈፈም፤ ያረጀ የለበትም ማለት ነው። «ትንንሽ ናቸው» አለ። የሐበሻ እንቁላል ነው፣ ምን ይሁን? ኦምሌት ላይ አንድ ይጨመራል ተባለና ተስማማን። (ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያንኑ ትንሽ እንቁላል ከፈረንጁ አስበልጠው ሲገዙት ሳይ እስቃለሁ።)

እኚህ ሴት ቀልጣፋ ነበሩ። የዕቁብ ጓደኞቻቸውን አስተባበሩ፤ የጎረቤቱን ሁሉ እየሰበሰቡ ማምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ከፔቲ ካሽ፣ ለትንንሽ ወጪ እጅ ላይ ከሚያዘው ገንዘብ፣ እዚያው እየከፈልን ጥሩ ሄደ። ኋላ መጠኑ ሲጨምር ሒሳብ ክፍል «ደረሰኝ የታለ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ያለ ደረሰኝ ወጪው አይያዝለትም። እሳቸው ደረሰኝ ከየት ያምጡ? መላ ተባለና ከተማ ውስጥ ደረሰኝ ያለው አንድ ባለሱቅ መሀል ገባ። እሱ የድርሻውን ይቆርጣል። ክፍያውም ወር ጠብቆ ሆነ፤ ምክንያቱም ሆቴሉ ራሱ ገንዘቡን ከአስጎብኚዎች የሚያገኘው ዘግይቶ ነበር። ወር ያለው ደግሞ ሁለት ወር ሆነ።

ባለሱቁ መጠበቅ ይችላል። እሳቸው ግን የጎረቤት እንቁላል የወሰዱት በቃላቸው ነው። ጎረቤት ለቅዳሜ የጨውና የላምባ መግዣ ይፈልጋል፤ ልጅ ደብተር ይፈልጋል። እሳቸው ሆቴሉ በር ላይ ይመጣሉ፣ «ነገ» ይባላሉ። በመጨረሻ ገንዘቡ ተከፈለ። ከአንድ እንግዳ የአንድ ሌሊት አልጋ ብዙም የማይበልጥ ብር ነበር። ግን እሳቸው በዚያ መሀል ከጎረቤቶቻቸው ተቀያይመው ነበር፤ ከዕቁቡም ወጡ ብሎ ዘበኛው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። እኛም ወደ መኪናው እንቁላል ተመለስን።

በዚያው ዓመት አዳራሻችን ውስጥ የባለድርሻ አካላት ስብሰባ ተደረገ። ባነር ተሰቀለ፣ አበል ተፈረመ፣ የአካባቢው ሕዝብ ከቱሪዝም እንዴት ይጠቀም በሚለው ላይ ሙሉ ቀን ተወራ። ለቁርስ የቀረበው እንቁላል በጋሸና በኩል የመጣው ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያቺ ቁርስ ናት።

እንግዲህ የኔ ነገር ይኼው ነው። ሕዝቡ መጠቀም አለመጠቀሙ የሚወሰነው አዳራሽ ውስጥ አይደለም፣ ገንዘብ ያዥዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሎጃችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ከሒሳብ ሠራተኛችሁና ከገቢዎች ጋር ተቀመጡ። ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ስትገዙ ወጪው በምን ወረቀት እንደሚያዝ እወቁ። ለትንሽ ሻጭ ዱቤ አትጠይቁ። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ፈገግታ፣ ስለ ቋንቋ አልነግራችሁም፤ ያንን ታውቁታላችሁ።

እናንተ ከኛ ትሻላላችሁ ይባላል። በስልክና በእንግሊዝኛ አዎ። ድሮን ታስነሳላችሁ፣ በራችሁ ላይ «ኢኮ» የሚል ታፔላ ትሰቅላላችሁ። የገበያው ቀን መቼ ነው ስትባሉ ግን ጉግል ታደርጋላችሁ።

ደባርቅ የሄዳችሁ የበቅሎ ባለቤቶቹን ተራ አይታችሁ ይሆናል። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰ ይጭናል። ጭቅጭቅ አያጣውም፤ ተራዬ ተዘለለ የሚል ሁሌ አለ። ቢሆንም ከአለቃው ጋር የማይተዋወቀውም ሰው ይደርሰዋል። መቄት ወረዳ ላይ ደግሞ ገበሬዎቹ ማረፊያውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ሻንጣውን አህያ ይጭናል፣ እራቱ እዚያው ይሠራል። አንዴ እዚያ ሳድር ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ እንደዚያ ቀን የጣመኝ ሽሮ የለም።

ስብሰባ አልወድም ማለቴ ነው እንጂ ያለ ስብሰባ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ላሊበላ ላይ የመግቢያ ትኬቱን የምትሸጠው ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት፤ ካህናቱ ሳይስማሙ የትም አትደርሱም። የዕድሩን ዳኛ ሳታማክሩም ውኃ መቅዳት ጣጣ ነው። ብቻ ስትጠሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የእንግዳ ጫማ የሚጠብቁትንም ጥሩ። እነሱ በባለድርሻ ዝርዝር ውስጥ ተጽፈው አይቼ አላውቅም።

ሌላም አለ፣ ከላይ ያልኩትን ትንሽ ያፈርሰዋል። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ። እንግዳ ድርግም ብሎ ጠፋ። ኑሮውን ሙሉ በሙሉ በፈረንጅ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው የበለጠ የተጎዳው። ስለዚህ ከሠፈሩ ግዙ፣ ግን ማንም እርሻውን ትቶ የናንተ አቅራቢ እንዲሆን አትገፋፉ። ክረምት ላይ እንግዳ ሲጠፋ ምን ያህል እንደምትወስዱ ገና ስትጀምሩ ንገሯቸው። ትንሽም ቢሆን ውሰዱ፣ ሠራተኛውም ይበላል።

አሁን አሁን ደግሞ ሎጅ የሚከፍት ሁሉ ግቢው ውስጥ የራሱን ዶሮ ማርባት ይፈልጋል፤ ለፎቶም ያምራል። ሰላጣና ሮዝመሪ ትከሉ፣ ማንም አይከፋውም። ዶሮውን ለሠፈሩ ሰዎች ተዉላቸው። እንቁላል ስትፈልጉ ቅዳሜ በጠዋት ገበያ ውረዱ፣ ዝርዝር ብር ይዛችሁ።