ሥጋ የለበሰው እንደ ጋቢ አይደለም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማታ ማታ «ስታርጌት ኤስጂ ዋን» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም እያየን ነው። የቆየ ፊልም ነው፤ እኛ ግን ገና የመጀመሪያችን ነው። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ደርሰናል። እዚያ ውስጥ እባብ የሚመስሉ ፍጥረቶች በሰው ማጅራት ገብተው ሰውየውን ይቆጣጠሩታል። ከዚያ «አምላክ ነኝ» እያሉ ሕዝብ ያሰግዳሉ። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር፣ ወንድሜ ፊልሙን አቁሞ «እናንተስ አምላክ ሥጋ ለበሰ አይደል የምትሉት? ይሄ ከዚያ በምን ይለያል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ቆሜ «ሥጋ ለበሰ» ሲባል ያ ዓይኑ የሚበራው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ክጄ ይሆን ብዬ ፈርቼ ሁለት ወር ሙሉ አልቆረብኩም። ፊልሙን ማየት ልተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልካድሽም። መጀመሪያ እሱን ያዢልኝ። የካደ ሰው ቅዳሴ ቆሞ አይጨነቅም፤ ጽፎም አይጠይቅም። ያልጠሩት ሐሳብ መጥቶ በር ላይ ስለቆመ አንቺ አስገብተሽ አስቀመጥሽው ማለት አይደለም። በሐልዮ፣ በማሰብ ማለት ነው፣ የሚሠራ ኃጢአት አለ፤ እሱን ታውቂዋለሽ። እሱ ግን ሐሳቡን ወድደው ሲያኖሩት ነው። አንቺ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ስታባርሪው ነው የከረምሽው።

የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄ ስለመጣብሽ ከቅዱስ ቁርባን ሸሸሽ። ጥያቄውን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ መሄድ ነበረብሽ። ብርድ የያዘው ሰው ከእሳት አይርቅም። በዚህ ሳምንት ሄደሽ አባትሽን አነጋግሪ። ይህን እንደ ምክር ብቻ አትስሚው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ጥያቄ ልመለስ። እንዳትቆጪው። ከብዙ ምእመን የተሻለ ጥያቄ ነው የጠየቀው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን ልጆች «እስኪ አሳዩኝ» አልኳቸው። የመጀመሪያውን ክፍልና ከዚያ ወዲያ ያሉትን አንዳንዶቹን አየሁ። ስካራ የሚባለውን ልጅ አስታወስሽው? ወዳጁ ኦኒል ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘዋል። «ስካራ!» እያለ ይቀርበዋል። ልጁ ዘወር ሲል ዓይኑ ይበራል። ፊቱ የስካራ ነው፤ የሚያየው ግን ሌላ ነው። ወዳጁን መትቶ ይጥለዋል። እኔም ክፉኛ ነው የደነገጥኩት።

ወንድምሽ ያየው ይህንን ነው። «እናንተም የምትሉት ይህንኑ ነው» ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ምክንያቱም በእኛው መካከል፣ ስንት ዓመት ያስቀደሰው ሰው ሳይቀር፣ «ሥጋ ለበሰ» ሲባል እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚታየው። ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ! ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነግሮኛል፤ ሽማግሌ ገበሬም ነግሮኛል። «አምላክ ገላችንን እንደ ጋቢ ደርቦ መጣ» ይላሉ። ውስጡ አምላክ፣ ላዩ ሰው። በክፋት አይደለም የሚሉት። ቃሉን እንደሰሙት ነው የወሰዱት።

ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ የሚመጣ ባለ ታንኳ አይተሽ ታውቂያለሽ። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ታንኳው ይከብዳል። ባለቤቱ ወደ ዳር ጎትቶ ያወጣውና ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እሱ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታንኳው ቢበሰብስ ሰውየው አይበሰብስም። ታንኳው ድንጋይ ቢመታው ሰውየው አይቆስልም። ብዙ ሰው ጌታችንን የሚያስበው እንዲህ ነው። በሥጋችን ተሳፍሮ መጣ፣ ሥራውን ጨረሰ፣ ሄደ።

ይህ ኅድረት ይባላል። ማደር ማለት ነው። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ ያስተማረው ትምህርት ወደዚህ ስለሚያደርስ ነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የተወገዘው፤ የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስም አጥብቆ የተከራከረው። ቤተ ክርስቲያናችን ስሟን ሳይቀር ተዋሕዶ ያለችው ለዚህ ነው። ማደርና መዋሐድ አንድ አይደሉም።

እስኪ ቃሉን ራሱን እንየው። አማርኛችን ሰውን ሁሉ ምን ይላል? «ሥጋ ለባሽ» ይላል። «ሥጋ ለባሽ ሁሉ ይሞታል» እንላለን። እንዲህ ስንል ታዲያ በእያንዳንዱ ሰው ገላ ውስጥ ገላውን እንደ ካፖርት የደረበ ሌላ አካል አለ ማለታችን ነው? አይደለም። ሰው የሆነ ሁሉ ማለታችን ነው። አባቶቻችን «ሥጋ ለበሰ» ሲሉም እንደዚሁ ነው፤ ሰው ሆነ ማለታቸው ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ «ቃልም ሥጋ ሆነ» ያለውም እንደዚሁ ነው፤ «ሆነ» ነው ያለው። በጸሎተ ሃይማኖት ደግሞ «ፈጽሞ ሰው ሆነ» እንላለን። ፈጽሞ! ነፍስ ሳትቀር፣ ፈቃድ ሳይቀር፣ ራቡና ድካሙ ሳይቀር።

በፊልሙ መጀመሪያ ስካራ አለ። ስም ያለው፣ እኅት ያለችው፣ የሚስቅ ልጅ ነው። እባቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይነጥቀዋል። ልጁ ውስጡ ታስሮ ይቀራል፤ አፉ ግን የሌላ ይሆናል። በእኛ ሃይማኖት አምላክ ገብቶ የነጠቀው፣ ቀድሞ የነበረ ሰው የለም። በእመቤታችን ማኅፀን የተፀነሰ ሰው ኖሮ፣ ቆይቶ አምላክ ያደረበት አይደለም። ከእርሷ ሥጋን ከነፍሷ ነፍስን ነሥቶ፣ በተፀነሰባት ቅጽበት ተዋሐደ። ስለዚህ ጎልጎታ ላይ ውስጥ ያለ አምላክና ውጭ ያለ ሰው ሁለት ሆነው አልተሰቀሉም። አንዱ ነው የተሰቀለው።

ወንድምሽ ብልህ ስለሚመስለኝ ቶክራ የሚባሉትንም ማንሣቱ አይቀርም። እነሱ ከዚያው ዘር ናቸው፤ ግን ሰውን አስፈቅደው ነው የሚያድሩበት። አንዴ ያደረው ይናገራል፣ አንዴ ባለ ገላው ይናገራል። ከእነሱ አንዷ፣ ጆሊናር የምትባለው፣ የኦኒል ባልደረባ የሆነችው ካርተር ውስጥ ሳታስፈቅድ ብትገባም፣ በመጨረሻ ካርተርን አድና እሷ ትሞታለች። ደግ ሥራ ነው፤ ልብ ይነካል። «እመቤታችንስ ‹እንደ ቃልህ ይሁንልኝ› ብላ የለ? ይሄ ታዲያ እሱ አይደለም?» ሊልሽ ይችላል። አይደለም። የቶክራ ነገር የተስማሙ የሁለት ጎረቤታሞች ኑሮ ነው። አንድ ቤት፣ ሁለት ነዋሪ። ቢፋቀሩም ሁለት ናቸው። ንስጥሮስ ይህን ፊልም ቢያይ ኖሮ «እኔም ያልኩት ይህንን ነው» የሚል ይመስለኛል። ነጣቂው እባብ ደግሞ አጋንንት በሰው ላይ የሚያደርጉትን ነው የሚመስለው። ከሁለቱ አንዱም ተዋሕዶን አይነካም።

ታዲያ ምን ይመስላል? አባቶች የጋለ ብረት ይላሉ፤ ፍሕም ይላሉ። እኔ ፍሙን እመርጣለሁ። ልጅ ሆኜ ዲያቆን ሳለሁ ለማዕጠንት፣ ለዕጣን ማጠኛው፣ ከሰል የማያያዝ ተራዬ ሲደርስ ደስ ይለኝ ነበር። ጨለማ ነው፤ ከሐይቁ ነፋሱ ይመጣል። ከሰሉ መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ትታያለች። እፍ ስትይው ቀዩ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ መሐሉ ይደርሳል። ቆይቶ እሳቱ የት እንዳለቀ፣ ከሰሉ የት እንደጀመረ መለየት ያቅትሻል። ከሰሉ አልጠፋም፤ ቅርጹ አለ። እሳቱም ወደ ከሰልነት አልተለወጠም። ብትነኪው ግን «ከሰሉን ብቻ ነካሁ» አትዪም። የእሑዱ ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን የእሳት ፍሕም የተሸከመች የወርቅ ማዕጠንት የሚላት ለዚህ ነው። ምሳሌ ደግሞ ምሳሌ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። የማዕጠንቱ ፍም ከቅዳሴ በኋላ ይበርዳል። የጌታችን መለኮት ግን ከትስብእቱ፣ ከሰውነቱ ማለት ነው፣ ለአንዲት ሰዓት፣ ለቅጽበተ ዓይን እንኳ አልተለየም። ይህን ከቁርባን በፊት ካህኑ «አአምን፣ አአምን» እያለ ሲመሰክር ስንት ጊዜ ሰምተሻል!

ይህን ያህል የማስረዝመው ለክርክር ብዬ አይደለም። አንዲት እናት ልንገርሽ። በሐይቁ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ የምትኖር ናት። ልጇ ሞቶባት ልናጽናና ሄድን። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላታል። እሷ ዝም። ሰዉ ሲቀንስ ወደ እኔ ዞር ብላ «የኔታ፣ እሱ አምላክ ነው። ሥጋው ልብሱ ነው። ልብስ ሲቀደድ ማን ያለቅሳል? የእኔን በምን ያውቀዋል?» አለችኝ።

ስድብ አልነበረም። የተማረችውን ነው የነገረችኝ። እኛ ነን በደንብ ያላስተማርናት። ወንጌሉን አውጥቼ ከአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያለውን አነበብኩላት። «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል። ከዚያ ደግሞ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ያለውን። ልብስ አያዝንም። ጋቢ ነፍስ የለውም። ያለቀሰው ራሱ ነው፤ ያዘነችው የራሱ ነፍስ ናት። የሰው እንባ ነው ያነባው፤ ያነባው ግን አምላክ ነው። ያቺ እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

አየሽ፣ «እንደ ጋቢ ደረበው» ካልን ያቺን ሴት ብቻዋን ነው የምንተዋት። ለወንድምሽ ስትመልሺለት ከዚህ ጀምሪ። እባቡ ሰው ውስጥ የሚገባው ሕመሙን ለሌላ ጥሎ ዙፋኑን ሊወስድ ነው። ጌታችን ዙፋን ሳይጎድለው ሕመማችንን የራሱ ሊያደርግ መጣ።

እባብ «አምላክ ነኝ» ማለቱ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። የአገራችን ትውፊትም ቀድሞ አርዌ የሚባል ዘንዶ ይመለክ ነበር ይላል። ፊልሙ እነ ራን፣ እነ አፖፊስን ከግብፅ አማልክት ስም ወስዶ ሐሰተኞች ናቸው ማለቱም አያስከፋኝም፤ ኦሪት ዘፀአት «በግብፅም አማልክት ሁሉ ላይ ፍርድን አደርጋለሁ» ይላል። ያ ቲልክ የሚባለው ሰው ሲያገለግለው የኖረው አምላኩ አምላክ አለመሆኑን አውቆ ጥሎት ሲወጣ አድንቄዋለሁ። ግንባሩ ላይ ያለው የወርቅ ምልክት የጌታው ማኅተም ነው። የእኛ አያቶች ግንባራቸው ላይ የተነቀሱት መስቀል ትዝ አለኝ። እነሱን ማንም ባሪያ አድርጎ አላተማቸውም፤ ወድደው ነው።

ወደ መጨረሻዎቹ ሲዝኖች ስትደርሱ ደግሞ ኦራይ የሚባሉ ይመጣሉ አሉኝ። ከሚሰግድላቸው ሰው ኃይል የሚያገኙ ናቸው። ወንድምሽ ያን ጊዜም «እግዚአብሔርስ ስግደታችንን ለምን ይፈልጋል?» ይልሻል። አሁኑኑ ተዘጋጂ። ኢሳይያስ 46ን አንብቢ። የባቢሎን ጣዖታት በእንስሳ ጀርባ ተጭነው ይሄዳሉ፤ እንስሶቹ ደክመዋል። እግዚአብሔር ግን «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ይላል። ሐሰተኛውን አምላክ ሰው ይሸከመዋል፤ እውነተኛው ሰውን ይሸከማል። እኛ ብንሰግድለት የሚጨመርለት፣ ባንሰግድለት የሚጎድልበት የለም። የምንሰግደው ስለተሸከመን ነው።

ማየቱን ልተው ወይ ላልሽው፣ ተዪ አልልሽም። ልብ ወለድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ከ1997 እስከ 2007 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታየ፣ አሥር ሲዝን፣ 214 ክፍል ነው። አንዱ ሦስት ሩብ ሰዓት ግድም ቢሆን ከ150 ሰዓት በላይ ነው። ከስድስት ቀን ከነሌሊቱ በላይ ማለት ነው። ቅዳሜ ሌሊቱን ሰባት ሰዓት ድረስ እያዩ እሑድ ኪዳን ላይ መድረስ አይቻልም። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አይታይም። በዚህ አልደራደርም። በሌላው ቀን አንድ ክፍል አይታችሁ አጥፉት፤ ከዚያ ስላያችሁት ተነጋገሩ። ወንድምና እኅት ቁጭ ብለው ስለ እምነት የሚያወሩበት ምሽት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ቅዳሴ ላይ ያ ፊት ሲመጣብሽ አትታገዪው። «ፈጽሞ ሰው ሆነ» በዪና ወደ ጸሎቱ ተመለሺ።

ወንድምሽን ደግሞ «መምህሩ ጥያቄህን ወድዶታል» በዪው። ደስ ካለው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ወደ ደብራችን ይምጣና ከሰሉ ሲያያዝ ይየው። ሌሊት ነው፤ ጋቢ ይደርብ። ለዲያቆናቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ እፍ ማለት ከፈለገም ይፈቅዱለታል።