ሴል መንገዱን በምን ያውቃል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች! ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ያጠናሁት የሴል ባዮሎጂ ነው። ስለ ካንሰር ሴል አካሄድ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥ፦ (ከመሐል ሜዳ) ሴል ይሄዳል ስትል እግር አለው እንዴ?

መ፦ የለውም። ከፊቱ ቀጫጭን ጣት መሳይ ነገር ይዘረጋል፣ ያገኘውን ይይዛል፣ ከዚያ የኋላውን ይጎትታል። ቁስል ሲድን የቆዳ ሴሎች ክፍተቱን የሚዘጉት እንዲህ እየሄዱ ነው። ዓይን ስለሌለው የረገጠውን እየዳሰሰ ነው አቅጣጫ የሚይዘው።

ጥ፦ (ከሸዋ ሮቢት) የሚረግጠው ነገር ቅርጽ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መ፦ በጣም እንጂ! ሮስ ሃሪሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ100 ዓመት በፊት ሴሎችን የሸረሪት ድር ላይ አሳድጎ ድሩን ተከትለው ሲዘረጉ አይቷል። ዛሬ የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት ዘዴ እየታገዙ ሲሊኮን ላይ ጥቃቅን ቦዮች ያወጣሉ። ብዙ ሴሎች ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ናቸው (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ቦዩ ከዚያም ሊጠብ ይችላል። ለስላሳ መስታወት ላይ ወዲህ ወዲያ ሲል የነበረ ሴል ቦዩ ላይ ሲያስቀምጡት፣ ውሃ ትልም ይዞ እንደሚወርድ፣ ቦዩን ይዞ ይሄዳል።

ጥ፦ ታዲያ የካንሰሩ በምን ይለያል?

መ፦ እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። የሚሄድበት መሣሪያ ያው የጤነኛው ነው። ግን ጤነኛ ሴል ጎረቤቱን ሲነካ ቆም ብሎ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ብዙ የካንሰር ሴሎች ይህን ያጣሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ጠባብ መንገድ ሠርተው፣ ቅርጹን ብቻ በማስተካከል ጤነኛውንና የካንሰሩን ሴል ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ መርተዋቸዋል። መድኃኒት የለ፣ ምን የለ!

ጥ፦ ሰውነታችን ውስጥስ ቦይ አለ?

መ፦ ኮላጅን የሚባሉ ክሮች አሉ። ጡት ውስጥ እነዚህ ክሮች ከዕጢው ወደ ውጭ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ሴሎቹ እነሱን ይዘው ይወጣሉ። የአንጎል ካንሰር የነርቭ ክሮችንና የደም ሥሮችን ይከተላል። ይህን ባሕርይ ተጠቅመው በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የአይጥ አንጎል ውስጥ ሰው ሠራሽ ክር አስገብተው፣ የካንሰር ሴሎቹን ከአንጎል ውጭ ወዳለ ገዳይ ጄል ስበዋቸዋል። ሙከራው በአይጥ ነው፣ ሕክምና ሆነ ብላችሁ እንዳታወሩብኝ።

ጥ፦ (ከአንኮበር) እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አለባት፣ ጻድቃኔ ጠበል ላይ ናት። መርፌ ከነካው ይበተናል እያሉ አስፈሩን።

መ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከጡት እብጠት በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰርን በሰውነት ያሰራጫል የሚባለው ልክ አይደለም። የካንሰር ሴሎች የመሰራጨት ዕድላቸው የሚጨምረው ዕጢው ሳይታከም ሲቆይ ነው። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ግን ሳይመረመር አይታወቅም። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ማንም አይከለክላቸውም፤ ግን በዚሁ ሳምንት ሆስፒታል ውሰጃቸው። እብጠቱን መቼ እንዳዩት፣ ካደገም በምን ያህል ጊዜ እንዳደገ ለሐኪሙ ንገሪው። ብብታቸው ሥርም እብጠት ካለ አትርሺ።