የሳይጎንን ፖስታ ቤት የሠራው ኤፍል ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ለሥራ ቬትናም ሄዶ ከሆቺሚን ከተማ፣ ድሮ ሳይጎን ከምትባለው፣ የአንድ ፖስታ ቤት ፎቶ ላከልኝ። ጣሪያው የባቡር ጣቢያ ነው የሚመስለው። አስጎብኚው «ኤፍል ታወርን የሠራው ሰውዬ ነው የሠራው» ብሎታል። እውነት ነው? ደግሞስ ለፖስታ ቤት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እናታችን። አስጎብኚው የሰማውን ነው የነገረው፤ ግን አይደለም። ንድፉን ያወጣው አልፍሬድ ፉሉ የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው፤ በከተማዋ ፍርድ ቤት ሥራ ላይም እጁ አለበት። ግንባታው በፈረንጆቹ 1886 ተጀምሮ በ1891 አለቀ። ኤፍል ታወር ደግሞ በመሃል፣ በ1889 ቆመ። እናም ያን ሁሉ ብረት ያየ ሰው ኤፍል ቢል አይፈረድበትም፤ የኤፍል ኩባንያም በቬትናም ድልድይ ይሠራ ነበርና ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። ብቻ የፉሉ ድካም በሌላ ሰው ስም ሲነገር ያናድዳል።

ሕንፃው ከፊት ሲያዩት ቤተ መንግሥት ነው፤ ቅስቱ፣ ጌጡ፣ ትልቁ ሰዓት። ሲገቡ ግን አረንጓዴ የተቀቡ ቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች ያንን ቆልማማ ጣሪያ ተሸክመው ያገኟቸዋል። ከፍታው ለማማር ብቻ አይደለም። በዚያ ሙቀት ጣሪያው ዝቅ ቢል ሰው ይታፈን ነበር።

ለምን ገዘፈ ላሉት፣ ያኔ ፖስታ ቤት ማለት ቴሌግራፍም፣ በሽቦ መልእክት መላኪያውም፣ ነው። ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቷን የምታዘው በሽቦ ነበር። ለዚህም ነው ውጪው ግድግዳ ላይ በቴሌግራፍና በኤሌክትሪክ ሥራ ስማቸው የገነነው የነሞርስ፣ የነቮልታና የነአምፔር ስም የተጻፈው። ልጅዎ ውስጥ ገብቶ ግራና ቀኝ ቀና ብሎ ይይ፤ በእጅ የተሳሉ ሁለት ትልልቅ ካርታዎች አሉ፣ አንዱ የ1892 የደቡብ ቬትናምና የካምቦዲያ የቴሌግራፍ መስመር ነው። ከአዳራሹ መጨረሻ ደግሞ የሆ ቺ ሚን ትልቅ ምስል ተሰቅሏል። የነፃነት ትግሉን የመራው ሰው ፈረንሳዮች የዘረጉትን ሽቦ ሲመለከት ይውላል!

በነገራችን ላይ በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ ሕንፃውን ደማቅ ቢጫ ሲቀቡት ነዋሪው አገር ይያዝልኝ አለ፤ ቀለሙን መልሰው አፈዘዙት።

ቤቱ ዛሬም ፖስታ ይልካል። ቴምብር ለጥፎ አንድ ካርድ ይላክልዎት እንጂ! የፖስታ ሳጥን ቁጥር ከሌለዎት ግን ያለውን ዘመድ ከወዲሁ ይጠይቁ።