ስለ ዌልፌር ጠይቃችሁኝ የመለስኩት

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ስለ ዌልፌር (መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ)፣ ስለ ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ እርዳታ) እና ስለ ዘር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የካውንቲ እርዳታ ቢሮ ማመልከቻ ስመረምር ዓመታት አሳልፌያለሁ። ጉዳዩ ከልቤ ነው። ከመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ ፓርኪንግ ሠርቼ፣ ታክሲ ነድቼ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። የመንግሥት እጅ አላየሁም። ጥቁር አሜሪካውያን ግን ዌልፌርን ከእናት ወደ ልጅ ይወራረሱታል። እዚሁ ተወልደው፣ ቋንቋውን እያወቁ ለምን አይሠሩም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልፋትዎን አከብራለሁ። ስለ እነሱ ያሉት ግን ልክ አይደለም። ፉድ ስታምፕ ከሚያገኙት በቁጥር የሚበዙት ነጮች ናቸው። ጥቁሮች ሩብ ያህል ይሆናሉ። ከሕዝቡ ካላቸው ድርሻ ይበልጣል፣ እሱን አልክድም። ድህነቱ በእነሱ ላይ ስለሚበረታ ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይከመር የነበረው ወረቀት የደሞዝ ቼክ ቁራጭ ነበር። የሱፐርማርኬት ካሸር፣ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ፣ አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት። ይሠራሉ፤ ደሞዙ ግን ወሩን አይዘልቅም።

መወራረሱም ቢሆን የለም። ዌልፌር የምንለው ጥሬ ገንዘብ ከ1996 ወዲህ በፌዴራል ሕግ ለአንድ አዋቂ በዕድሜ ልኩ በጥቅሉ 60 ወር ብቻ ነው። ከሕጉ በፊት ልጆች ካሏቸው 100 ድሃ ቤተሰቦች 68ቱ ይህን ገንዘብ ያገኙ ነበር። በ2020 ወደ 21 ወርዷል። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ዌልፌር ለአብዛኛው ድሃ ዛሬ የለም።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ታዲያ ዌልፌር ሲባል የጥቁር ሴት ምስል አእምሯችን ውስጥ ከየት ገባ?

መልስ፦ ይሄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ሲጀመር እርዳታው የታሰበው ባሏ ለሞተባት ነጭ እናት ነበር። በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲወጣ ሁለት መንገድ ተከፈተ። አንደኛው ሠራተኛው ከደሞዙ እያዋጣ በክብር የሚጦርበት ነው። ሁለተኛው ድህነቱን እያስመረመረ የሚቀበለው ነው። ከመጀመሪያው መንገድ የእርሻና የቤት ሠራተኞች እንዲወጡ ተደረገ። በዚያ ዘመን ከሦስት ጥቁር ሠራተኞች ሁለቱ ገደማ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሰውን ከጡረታ መዋጮ አስወጥተህ፣ ኋላ እርዳታ ሲጠይቅ ጥገኛ ብሎ መስደብ ግፍ ነው።

በሁለተኛው መንገድ የሚሰጠውን የእናቶቹን እርዳታ የሚያድሉት ደግሞ ግዛቶቹ ነበሩ። ደቡብ ላይ የጥጥ ለቀማ ሲደርስ የጥቁር እናቶችን እርዳታ አቁመው ወደ እርሻ ይሰዱ ነበር። ሉዊዚያና በ1960 «ቤቱ ለልጅ የሚመች አይደለም» በሚል ደንብ ወደ 23 ሺህ ልጆችን ከመዝገብ ሰረዘች። አብዛኞቹ ጥቁር ነበሩ። ሌሎች ግዛቶችም ቤት ውስጥ ወንድ አለ የለም ብለው በሌሊት በር ያንኳኩ ነበር።

አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ሚስስ ስሚዝ ትባላለች፣ የአላባማዋ ሴልማ ነዋሪ፣ የአራት ልጆች እናት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ጀምራ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ምግብ ቤት ውስጥ ታበስላለች፣ ታስተናግዳለች። በሳምንት የምታገኘው ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው። አንድ ሰው ቅዳሜና እሁድ ይጠይቃታል ተብሎ የልጆቿ እርዳታ ተቆረጠ። ሰውየው የልጆቿ አባት አይደለም፤ የሚያስተዳድራቸው የራሱ ሚስትና ዘጠኝ ልጆች አሉት። ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 በሙሉ ድምፅ ደንቡን ሻረላት። ሰነፍ ሲባሉ ከኖሩት እናቶች አንዷ ይህቺ ናት።

በ1976 ደግሞ ሮናልድ ሬገን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በየመድረኩ የአንዲት የቺካጎ ሴት ታሪክ ይዘው ዞሩ። በዓመት 150 ሺህ ዶላር ከታክስ ነፃ ታገኛለች አሉ። ሴትየዋ በእርግጥ አጭበርባሪ ነበረች። ፍርድ ቤት ያረጋገጠባት የዌልፌር ማጭበርበር ግን 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። የአንዲት ወንጀለኛ ታሪክ ለሚሊዮን እናቶች መጠሪያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በጀት መቁረጥ የፈለገ ፖለቲከኛ ዘር መጥራት አላስፈለገውም። «ዌልፌር» ካለ ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ አረጋውያን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ሰዓት ጨምሪ ሲሉኝ ፉድ ስታምፔ ይቆረጣል ብዬ እፈራለሁ። ባልጨምር አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ለፉድ ስታምፑ ብለሽ ሰዓት አትቀንሺ። ስሌቱ እንዲህ ነው። 100 ዶላር ተጨማሪ ብትሠሪ መጀመሪያ 20 በመቶው ይቀነስልሻል፣ እንደ ገቢ የሚቆጠረው 80 ነው። ከዚያ ላይ 30 በመቶው ከፉድ ስታምፕሽ ይወርዳል፣ 24 ዶላር ማለት ነው። የቤት ኪራይሽ ከገቢሽ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ከሆነ 36 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከ100 ዶላሩ ታክስ ሳይቆጠር ቢያንስ 64ቱ ያንቺ ነው።

የሚያሰጋው ሌላ ቦታ ነው። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጥ የመንግሥት የሕክምና ዋስትና) እና የዴይኬር (የልጆች መዋያ) ድጎማ የገቢ ጣሪያ አላቸው፤ ጣሪያውን በጥቂት ዶላር ካለፍሽ ሙሉውን ልታጪ ትችያለሽ። ሰዓት ከመጨመርሽ በፊት ለኬዝ ወርከርሽ (ጉዳይሽን ለያዘው የእርዳታ ቢሮ ሠራተኛ) ደውለሽ ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቂ። መልሱን ከነቀኑ ጻፊው። እናቶች ሰዓት መጨመር ሲፈሩ ሰዎች ስንፍና ይሉታል። እኔ የማየው ልጇን ያለ ሐኪም ላለማስቀረት የምትጠነቀቅ እናት ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ እንጀራ በኢቢቲ ካርድ ይገዛል?

መልስ፦ ይገዛል፣ ሱቁ ካርዱን (የፉድ ስታምፕ ገንዘብ የሚገባበትን) የሚቀበል ከሆነ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጥሬ ቡናም እንዲሁ። ትኩስ ተሠርቶ የሚሸጥ ምግብ፣ ሳሙናና ዳይፐር አይገዛም።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ በዲቪ ነው የመጣነው። ልጆቼን ፉድ ስታምፕ ባስመዘግብ ወረቀታችን ላይ ችግር ይመጣል?

መልስ፦ በዲቪ የገባ አዋቂ ለፉድ ስታምፕ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህም የ1996ቱ ሕግ ውጤት ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ግሪን ካርድ ያላቸው ልጆች ግን መጠበቅ የለባቸውም። ብዙ ሐበሻ ይህን ባለማወቁ ልጆቹን አያስመዘግብም።

በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገባችሁ ደግሞ ልብ በሉ። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ እስክትይዙ ድረስ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷችኋል። ከባድ ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ስለ ወረቀቱ፦ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው የመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ ብሎ የሚመዝነው የ2022ቱ ደንብ (ፐብሊክ ቻርጅ የሚባለው) ፉድ ስታምፕንና መደበኛ ሜዲኬድን አይቆጥርም። መንግሥት ግን በ2025 መጨረሻ ይህን ደንብ ለመሰረዝ ሐሳብ አቅርቧል። ገና ማመልከቻ የምታስገቡ ቤተሰብ ካላችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ ቡና ላይ የሚወራውን አትመኑ።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እሺ፣ ግን ነፃ ገንዘብ ሰውን ሰነፍ አያደርግም? ይህን እንኳ እመን።

መልስ፦ አላምንም። በ2021 ለስድስት ወር መንግሥት ለአብዛኛው ቤተሰብ በልጅ ከ250 እስከ 300 ዶላር በየወሩ ሰጠ። ሥራ አለህ ወይ ብሎ አልጠየቀም። የዚያ ዓመት የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ወላጆች ሥራቸውን በብዛት ጥለው ሲወጡ አልታየም። ክፍያው ሲቆም በቀጣዩ ዓመት ወደ 12.4 በመቶ ተመልሶ ወጣ።

አሁን ሚሲሲፒን ተመልከት። እዚያ አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር እስከ 2021 ድረስ በወር የምታገኘው ከፍተኛው ገንዘብ 170 ዶላር ነበር። ከዚያ 260 ሆነ። በዚያው ግዛት ለድሆች ከተመደበው ገንዘብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠረው ያለ አግባብ ወጣ ብለው ኦዲተሮች አጋለጡ፤ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የቮሊቦል ስታዲየም ሄደ። ስለ ጥገኝነት ስናወራ ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ)፦ አባቴ ስለ ጥቁሮችና ዌልፌር ሲያወራ አፍራለሁ። ሳልጣላው ምን ልበለው?

መልስ፦ በሰው ፊት አታርሚው። ለብቻው ስታገኚው የራሳችሁን ቤት አስቆጥሪው። ስትወለጂ የሐኪም ወጪውን ማን ከፈለ? አያትሽ ኤስኤስአይ (ለድሃ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ) ያገኛሉ? ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ በልተሻል? ከዚያ ቀጥለሽ የ1965ቱን የኢሚግሬሽን ሕግ ንገሪው። ለአፍሪካውያን በሩ የሰፋው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው በታገሉበት ዘመን ነው። አባትሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ያንን ወሬ ማን እንደጀመረው ግን የነገረው የለም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ እርዳታሽ ይቆማል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ምክንያቱ አልገባኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤውን እስከ ጀርባው አንብቢው። ይግባኝ የመጠየቅ መብት እንዳለሽ ተጽፏል። ይህን መብት ያስገኙት ኒውዮርክ ውስጥ የከሰሱ የዌልፌር ተቀባዮች ናቸው። በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰው ሳይሰማ እርዳታው አይቋረጥም አለ።

የፉድ ስታምፕ ይግባኝ በ90 ቀን ውስጥ መቅረብ ይችላል። አንቺ ግን ያን ያህል አትጠብቂ። ደብዳቤው ላይ ያለው የመቋረጫ ቀን ሳይደርስ ከጠየቅሽ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ወይም የተፈቀደልሽ ጊዜ እስኪያልቅ እርዳታው ይቀጥላል። ብትሸነፊ የወሰድሽውን ሊያስመልሱሽ ስለሚችሉ ይህን አስቢበት። አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ፣ ሊከለክሉሽ አይችሉም። የምታስገቢውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሺ፤ የተቀበለሽን ሠራተኛ ስምና ቀኑንም ያዢ።