መልስ፦ የማሳው ካርቦን የጫካው ነው የበቆሎው?

ሰላም ወንድሜ። ጅማ አካባቢ ከ20 ዓመት በፊት ጫካው ተመንጥሮ በቆሎ በሚዘራበት መሬት፣ የአፈሩ ካርቦን ከየት እንደመጣ በአይሶቶፕ (ክብደታቸው በሚለያይ የካርቦን ዓይነቶች) ይለያል ወይ ላልከው፦ አዎ፣ ይለያል። የጫካ ዛፍም ቡናም ካርቦን 13ን፣ ማለትም ከተለመደው ከበድ ያለውን ካርቦን፣ ብዙም አይወዱም፤ ልኬታቸው (የካርቦን 13 መጠን ከመደበኛው ማነጻጸሪያ በሺህ ስንት እንደሚለይ) ከዜሮ በታች 27 በሺህ ገደማ ነው። በቆሎ (ጤፍም ጭምር) ግን ከዜሮ በታች 12 አካባቢ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አጠገቡ ያለው የጫካ አፈር -26፣ ማሳው -22.5 ቢያሳይህ ልዩነቱ 3.5 ነው። ከጫካው አፈር እስከ በቆሎው ያለው ደግሞ 14። 3.5ን ለ14 ስታካፍል፣ 25 በመቶው ከበቆሎ መጣ ማለት ነው።

ጣጣው ናሙናው ላይ ነው። ጫካው ያው ቀይ አፈር፣ ያው ተዳፋት ላይ ይሁን። ጥልቀቱንም አመሳስል፤ ጫካ ውስጥም ወደ ታች ስትወርድ ቁጥሩ በራሱ ከፍ ይላል። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ከነፋህ በኋላ ቀጫጭን ስሮቹን በወረንጦ ልቀም። ያሰለቻል! ግን አይሶቶፑን የሚለካው ማሽን ውስጥ የሚገባው አፈር በሚሊግራም የሚመዘን ስለሆነ፣ ፀጉር የምታክል ስር ጉድ ትሠራሃለች።

ባለመሬቱንም ጠይቃቸው። መሀል ላይ ጫት ወይም እንሰት ተክለው ከነበረ፣ እነሱም እንደ ጫካው ነው የሚቆጠሩት። የበቆሎ አገዳ የበላች ላም ፍግ ደግሞ እንደ በቆሎ።