ለጥር ሰርግ ወንበር ስለመከራየትና እንግዳ ስለማስቀመጥ

እህቴ፣ ለወንድምሽ ሰርግ ደብረ ብርሃን ላይ ድንኳንና ወንበር ልትከራዪ መሆኑን ጠቅሰሽ፣ እንግዳውን በምን ሥርዓት እንደምታስቀምጪ ጠይቀሻል። የታናሽ እህቴን ሰርግ እዚያው በጥር ስለደገስን የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ወንበሩን ስትረከቢ እያገላበጥሽ እዪ። እግሩ የተሰነጠቀውን ለይተሽ በደረሰኙ ላይ አስጽፊና አከራዩን አስፈርሚ። የእኛው ሰው መሽቶ መጥቶ፣ ወንበሩን ደጅ ላይ አራግፎ ሄደ። አጎቴ በባትሪ እያበራ ስንጥቅ ያለበትን ሁሉ ለብቻው ደርድሮ ፎቶ አነሳው። ስንመልስ ግን ሰውየው «ሰብራችሁብኛል» ብሎ መያዣውን ሊያስቀር ተነሣ። ፎቶውን ብናሳየው «ፊርማዬ የት አለ?» አለ፤ በሽማግሌ ፊት ጮኸብን። ግማሹን ብቻ መለሰልን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ከተማዋ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥርን ቁር ታውቂዋለሽ። ከሸዋ ሮቢት የሚመጡት ዘመዶችሽ ግን የቆላ ሰዎች ናቸው፤ ስስ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። ከድንኳኑ በር አርቀሽ አስቀምጪያቸው። እኛ የመንዝ ባና አዘጋጅተን ለአሮጊቶቹ ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረግንላቸው፤ ምርቃቱን ብትሰሚ!

3. ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከላይ ይቀመጣሉ፣ ይህን እናትሽም ትነግርሻለች። የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ምግብ የራሳቸው ባለሙያዎች ለብቻ ስለሚሠሩት፣ ወንበራቸው ለዚያ ማዕድ ቤት ቅርብ ይሁን። ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን መተላለፊያውን ነው። አከራዮቹ ብዙ ወንበር ለማከራየት ሲሉ «ጠጋ ጠጋ ይደረግ» ይሉሻል፤ እሺ እንዳትያቸው። ትልቅ ሰው ሲገባ ተርታው በሙሉ «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ የተቀመጠ ሰው ግን እንዴት ይነሣ? ቀላሉ የፕላስቲክ ወንበር ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ብርጭቆ ይደፋል፣ ሽማግሌውም «በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ ትርምስ ይሆናል። እኔ በየሁለቱ ተርታ መካከል አስተናጋጅ ትሪ ይዞ የሚያልፍበት ስፋት አስለቅቄ ነበር። የሙሽራው አያት ገብተው እስኪቀመጡ አንድ ወንበር እንኳ አልወደቀም፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ።

መያዣውን ደግሞ በጥሬ ገንዘብ አትስጪ። በባንክ አስገቢ፣ ደረሰኙም አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።