ከነጠላው ስር ያለው ቁንጥጫ

ጤና ይስጥልኝ፣

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን ከባለቤቴና ከ5 ዓመት ልጄ ጋር ሜሪላንድ እኖራለሁ። አምና ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ለምርመራው ረጅም መጠይቅ ሰጡኝ። ድምፅ ይረብሸዋል ወይ? የልብስ ስፌት ይቆረቁረዋል ወይ? የታሰበ ነገር ሲቀየር ይጨንቀዋል ወይ? ስለ እሱ የምሞላው ሁሉ የራሴ ታሪክ ሆነብኝ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ አለቀስኩ። በኋላ እኔም ተመረመርኩ፤ ኦቲዝም እንዳለብኝ አወቅኩ።

ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ስር እደበቅ ነበር። ሲስሙኝ ጉንጬ ላይ የሚቀረው እርጥበት ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም። እናቴ ከነጠላዋ ስር ጭኔን ቆንጥጣ ይዛ "ሳቂ!" ትለኛለች። እስቃለሁ። ዛሬም ሰው ፊቱን ካጠቆረ "ምን አጠፋሁ?" እላለሁ። ባለቤቴ ድምፁን ትንሽ ከፍ ካደረገ ምላሴ ይታሰራል። እሱ ደግሞ "አኮረፈችኝ፣ ናቀችኝ" ይላል።

ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጄ ጆሮውን ይዞ መጮህ ጀመረ። ሰው ዞሮ አየን። እጄ ሳላዘው ሄዶ ከነጠላዬ ስር ቆነጠጠው። ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ

---

ውድ እህቴ፣

ዛሬ ማታ ልታደርጊው ከምትችይው ነገር ልጀምር። ልጅሽ አጠገብ ቁጭ በይና "እሁድ ቆነጠጥኩህ። አሞሃል። አንተ አላጠፋህም፤ ድምፁ በዝቶብህ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" በይው። አጭር ይሁን። "እየኝ" አትበይው፤ መልስም አትጠብቂ። መጫወቻ መኪናዎቹን መደርደሩን ቢቀጥልም ሰምቶሻል። ለሚቀጥለው እሁድ የጆሮ መከለያ ያዢለት። ሲበዛበት ምን ምልክት እንደሚሰጥሽ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ውጭ ቆሞ ማስቀደስ ነውር አይደለም።

አሁን ወዳንቺ። ትራውማ (የሥነ ልቦና ቁስል) ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጦርነት ወይም አደጋ ነው። ከቅርብ ሰው የሚመጣው ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚገባው። የልብሱ ስፌት ቆረቆረኝ ስትዪ "ቅብጠት ነው"፣ ዝም ስትዪ "ኩራት ነው" ከተባልሽ፣ ውሎ አድሮ የራስሽን ሰውነት ማመን ትተዪያለሽ። ፊት ማንበብ የደህንነት ጉዳይ ይሆንብሻል። "ምን አጠፋሁ?" የሚለው ጥያቄሽ የተወለደው እዚያ ነው።

በእኛ ባህል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መርማሪዎች ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ዓይን ለዓይን አለመተያየት ነው። እኛ ዘንድ ግን አንገቷን የደፋች ሴት ልጅ "ጨዋ" ትባላለች። አንቺም ስትመሰገኚ አደግሽ፤ ምን ያህል እንደሚያደክምሽ ማንም አላየም።

ስለ ባለቤትሽ። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊ ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል አለመግባባት ሲፈጠር ጉድለቱ የአንዱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ሌላውን ማንበብ ይቸግራቸዋል ይላል። በእኛ ቤት ዝምታ ብዙ ጊዜ ኩርፊያ ነው። ባለቤትሽ የአንቺን ዝምታ በሚያውቀው ቋንቋ አነበበው። ሰላም በሆናችሁበት ሰዓት ንገሪው፦ "ዝም ስል እየቀጣሁህ አይደለም፤ ቃል ጠፍቶብኝ ነው።" ሲጠፋብሽ በስልክ "ከአንድ ሰዓት በኋላ እመለሳለሁ" ብለሽ ጻፊለት። ደግሞ ተመለሺ፤ እሱም ያንን ማመን መልመድ አለበት። ይህን ሁሉ አውቆም ቅር ባለሽ ቁጥር "ኦቲዝምሽ ነው" እያለ አፍሽን የሚያስይዝሽ ከሆነ ግን ነገሩ ያለመግባባት አይደለም። እንደዚያ ከሆነ እንደገና ጻፊልኝ።

እናትሽን በተመለከተ አልጠየቅሽኝም፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አለች። አገራችን ሰላም የማይል ልጅ "አሳዳጊ የበደለው" ይባላል። ስድቡ የሚያርፈው እናት ላይ ነው። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ባለበት ልጇ ምክንያት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ የከፈተችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። አንቺ ያኔ ትልቅ ልጅ ነበርሽ። እናትሽ በጭንቋ ጊዜ የሚነግራት ሰው አልነበራትም። ቁንጥጫው ግን ያው ቁንጥጫ ነው፤ አሞሻል። ብታዝኚላትም ብትናደጂባትም እውነት ነው፤ ይቅር ለማለት አትቸኩዪ።

ቴራፒስት ፈልጊ፤ የአዋቂ ሰው ኦቲዝም የሚያውቅ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን "ዓይንህን ካላየሁ፣ ረጅም ጊዜ ዝም ካልኩ ምን ብለህ ትረዳዋለህ?" ብለሽ ጠይቂው። "እየሸሸሽኝ ነው እላለሁ" ካለሽ ሌላ ፈልጊ። ለዓመታት ይዘሽው የኖርሽውን ሳቅ እሱ ፊት ማውረድ ካልቻልሽ መሄድሽ ድካም ብቻ ነው።

ልጅሽን ይቅርታ ስትጠይቂው ምናልባት ያለቅስብሽ ይሆናል፤ ሊገፋሽም ይችላል። አትደንግጪ። ከዚያች ፈገግታ በጣም ይሻላል። አጠገቡ ቆዪ፤ እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ።